እጇ ፈጣን ነው

ውድ ገረሱ፣

ነገሩ የተበላሸው፣ በ1978ቱ ሴሚናር መድረኩን የመሩት ጓድ «ይህ ሥራ የማን ነው?» ሲሉ፣ አንተ ወደ እኔ ሳትዞር «የእኔ ነው» ያልክ ጊዜ ነው። ቀጥለህም ፈገግ ብለህ፣ «ለኮምፒዩተሩ ካርዱን የበሳችልኝ ወይዘሪት አሳየች ናት፤ እጇ ፈጣን ነው» አልክ። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበልኝ። ለእጄ!

ፕሮግራሙን ያሰብኩት እኔ እንደሆንኩ ታውቃለህ። ስምንት ነገሮች ቦታ የሚለዋወጡባቸውን የእንቅስቃሴ ስብስቦች፣ በሒሳብ ቋንቋ ግሩፖች የሚባሉትን፣ ማንኛውም ነገር ወደ ማንኛውም ቦታ ሊደርስ የሚችልባቸውን፣ አንድም ሳይቀር ለይተን ልናወጣ ነበር የተነሳነው። ማሽኑ ሳምንቱን ሙሉ የሠራተኛ ደመወዝ ሲያሰላ ስለሚከርም ለእኛ የሚለቀቀው ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነበር። አንተ «የቀበሌ ስብሰባ አለብኝ» ብለህ ስትቀር ፕሮግራሙ በቀዳዳ የተጻፈበትን ካርድ ተሸክሜ ወደ ማሽኑ የምሄደው እኔ ነበርኩ።

ማሽኑ ሁለት ግሩፖችን አንድ አድርጎ ያወጣ ዕለት፣ ወደ የካ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነገርኩህ።

«እነዚህ የተለያዩ ናቸው።»

«የእንቅስቃሴዎቻቸው ብዛት እኩል፣ ዑደታቸው እኩል። ማሽኑ አንድ ናቸው ካለ አንቺ ማን ነሽ?»

«ማሽኑን የጠየቅኩት ነኛ! ያልተጠየቀውን አይመልስም።»

ሳቅክ። አጠገባችን የተቀመጡት ሴትዮ ሳይቀሩ ሳቁብኝ። አንዱን ከዝርዝራችን ሰረዝከው፤ በዚያው ሥራ የትምህርት ዕድል አግኝተህ ባሕር ማዶ ሄድክ።

አሁን ደግሞ ጻፍክልኝ፦ «አሳዬ፣ አንድ ግሩፕ መጉደሉን ደርሰውበታል። ሁለቱ እንደሚለያዩ ማስረጃውን ቶሎ ላኪልኝ፤ ነገሩ በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር።»

እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ደስተኛ ነኝ። እንጦጦ ማርያም መውጫ ዳገቱ ሥር ሒሳብ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስምንት ልጃገረዶች ከባሕር ዛፎቹ ሥር ክብ ሠርተው እንዲቀመጡ አደረግኩና በእነዚያ በሁለቱ ግሩፖች ሕግ ቦታ አለዋወጥኳቸው።

«ቲቸር፣ የአውቶቡስ ወረፋ እያለማመዱን ነው?» አለች በለጡ።

«ተነሺ፣ ለፍላፊ!»

በሁለቱም ግሩፖች ውስጥ፣ ከሌላው ሁሉ በፊትም ሆነ በኋላ ቢደረጉ ውጤቱን የማይለውጡ እንቅስቃሴዎች አሉ። እነሱን ብቻ አስደጋገምኳቸው። በመጀመሪያው ግሩፕ የትኛውም ሁለቴ ሲደረግ ሁሉም ቦታቸው ተመለሱ። በሁለተኛው ግን አራቴ ካልተደረገ የማይመልስ ተገኘ።

በለጡ እያለከለከች፣ «ይሄኛውስ አንከራተተኝ! ማነው አንድ ናቸው ያለው?» አለች።

«አንድ የማውቀው ሰው» አልኩ፤ ሳሩ ላይ ተዘርግተን ሳቅን።

ማስረጃውን ጽፌ ጨርሻለሁ። ለአንተ ግን አልላክሁትም። ዛሬ ጠዋት ከተማ ወርጄ፣ ሥራህን ላወጣልህ መጽሔት በስሜ ላክሁት። ሲታተም እንደማንኛውም አንባቢ ታነበዋለህ።

ሰላም ሁን፣ ገረሱ፤ ቂም አልያዝኩብህም። ጭንቅላቴ ለሠራው ሥራ እጄ ሲመሰገን ዝም ብሎ መስማትን ግን ከእንግዲህ አልቀበልም።

አሳየች ኢዶሳ
የካ