ሹም የሚመርጡ እናቶች

ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ወንድሜ ደሞዝ፣ ክብራን ገብርኤል አንተንም ቤትህንም ይጠብቅ።

ትናንት ለንግሡ በጀልባ ወደ ክብራን ተሻገርሁ። ከጎኔ የተቀመጠ የታሪክ መምህር ስለ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አጫወተኝ። ኢሮኮይ የሚባሉ ስድስት ነገዶች በአንድ ሸንጎ ይመክሩ ነበር። ሹሙን የሚመርጡት እናቶች ናቸው፤ ካጠፋ ሦስት ጊዜ ይመክሩታል፣ አልሰማ ካለ ይሽሩታል። «ይሽሩታል» ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ። ነጮቹ ግዛቶቻቸውን አንድ ሲያደርጉ ከነዚህ ሰዎች ተምረዋል የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ የለም የሚሉም አሉ አለኝ።

ከኋላችን አንዲት እናት ሰምተው «እኛን እዚህ ከጀልባም አያወርዱን!» ብለው አሳቁን። ሴት ገዳሙ ድረስ እንደማትወጣ ታውቃለህ።

የገዳሙን ሥርዓት አልነካም፤ ግን እድራችን ትዝ አለኝ። ባንቺአየሁ ከቀብር ትቀራለች ብለን ልንሰርዛት ወሰንን። እነዚያ ሹሙን ሦስት ጊዜ ሲመክሩ፣ እኛ አንድ ቀን እንኳ ምን ሆነሽ ነው አላልናትም። ነፍሷን ይማራትና ባለቤቴ እንዲህ ስንፈርድ «ጠይቃችኋል?» ትለኝ ነበር። «የዳኝነት ነገር ላንቺ ምንሽ ነው» እያልሁ ዝም አሰኛት ነበር። ስንቱን በድዬ ይሆን?

የወረቀቱ ቦታ አለቀብኝ። እሑድ በእድሩ ስብሰባ የሚሰረዙትን ስትጠራ ስሟን እንዳታነብ። ባለቤትህን ወይዘሮ ወለላን ሰላም በልልኝ፤ ባንቺአየሁ ቤት ሄዳ ትጠይቅልን። በድላችኋታል ካለችን፣ እድርተኛው ፊት ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ዳኛው ነኝ።

አምሐ