ሳጥኑ የቆመበት ወገን

«ልጄ፣ እግርሽ የረገጠው ሁሉ ይቅናልሽ፤ ክፉ አይይሽ» ትልሻለች እናታችን። እሷ እየነገረችኝ የምጽፈው እኔ ወንድምሽ ነኝ።

ትንሿ እህታችን በዚያ ሳል ከተለየችን ሦስት ወር ሆነ። ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የሚያመነጨው ፋብሪካ ግን «አየሩ ንጹሕ ነው» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጥፏል። አየሩን የሚለካው ሳጥን የቆመው ከፋብሪካው ጀርባ ነው፤ ነፋሱ ጭሱን የሚያመጣው ደግሞ ወደ እኛ ግቢ። እማዬ የትንሿን ነጭ አንሶላ በየቀኑ አጥባ ታሰጣለች፤ ሲደርቅ ጥላሸት ለብሶ ይገባል። ባለፈው አንሶላውን ይዛ ሳጥኑን የሚያነበው ሰውዬ ዘንድ ሄደች።

«እማማ፣ መሣሪያው ያውቃል» አላት እየሳቀ።

«መሣሪያው ይወቅ፤ እዚያ ያቆመውም ሰው ያውቃል!» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ሲያየን መንገድ ይቀይራል።

«ልብስ አትላኪ» ትልሻለች። «አየር የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ካገኘሽ ላኪልኝ፤ አንሶላው ከሚሰጣበት ገመድ ላይ አንጠለጥለዋለሁ። የምትተነፍሺው ይባረክልሽ፣ ልጄ።»

«ደህና ነኝ በላት» ብላኛለች። እንዳታምኚያት። ይህን መስመር ሳላነብላት ነው የምልክልሽ፤ እሷም መሳል ጀምራለች።