መመሪያዎን በማክበሬ ልጄን ስለወሰዱብኝ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የሕፃናት እንክብካቤ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወገብዎስ ተሻለዎ? ባለፈው ወር ዘጠኝ ቀን ደጅዎን ስጠና ጸሐፊዎ «ኃላፊው ወገባቸውን አሟቸው አልገቡም» ስላለችኝ ከልቤ አዝኛለሁ፤ እኔም የተቀመጥኩበት አግዳሚ ወንበር መደገፊያ ስላልነበረው ሕመምዎን በሚገባ እረዳዋለሁ። ፊት ለፊት ለመነጋገር ባለመታደሌ ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ በሚያነበው ጋዜጣ ላይ ለማውጣት ተገድጃለሁና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ከፋይልዎ ብዛት የተነሳ ዘንግተውኝ ይሆናልና ማንነቴን ላስታውስዎ። የተማሪዎች ዩኒፎርም የምሰፋ፣ አርባ ስምንት ዓመት የሞላኝ፣ ባል ያላገባሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። የዛሬ አራት ዓመት ጽሕፈት ቤትዎ የአሥራ አንድ ወር ሕፃን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ «ቋሚ ወላጅ እስክናገኝላት ለጊዜው ያዢልን» ብሎ በአደራ ሰጠኝ። ስትመጣ ከአንድ ጥቅል ጨርቅ ስለማትበልጥ ሚጢጢ አልኳት፤ ስሙም በዚያው ጸናላት። ለጊዜው የተባለው አራት ዓመት ሆነ፤ በዚህ መካከል ጥርስ አወጣች፣ በእግሯ ሄደች፣ ኩፍኝ ያዛት፣ ዳነች። ባለፈው ዓመት እኔ ራሴ በጉዲፈቻ ላሳድጋት ብዬ አመለከትኩ። ማመልከቻዬ ውድቅ ሆኗል፤ ሚጢጢም የፊታችን ሰኞ ለሌሎች ትሰጣለች። ስለዚህ ሁሉ ያለብኝን ምስጋና እንደሚከተለው በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ፤ ስለ መመሪያው። ከሕፃኗ ጋር የተሰጠኝን ባለ ሁለት ገጽ መመሪያ እስካሁን በስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ አኑሬዋለሁ። አንቀጽ ስድስት፣ ልጁ የአደራ አሳዳጊውን እናት ወይም አባት ብሎ እንዳይጠራ ጥንቃቄ ይደረግ፣ አክስት ወይም አጎት ማለትን ይልመድ፣ ስለ ወላጆቹ ሲጠይቅም ወደፊት እንደሚመጡ ይነገረው ይላል። ሲለያዩ ልጁ እንዳይጎዳ ነው ተባልኩ፤ እኔም አመንኩ። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» እየተባልኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሚጢጢ አፏን የፈታች ዕለት ክር በጥርሴ ነክሼ ጫፉን ሳስተካክል ጉልበቴን ይዛ ተነሳችና «እማ» አለችኝ። ክቡርነትዎ፣ አንዲት ሴት አርባ አራት ዓመት ሙሉ ያልተጠራችበትን ቃል ድንገት ስትሰማው ምን እንደምትሆን መመሪያው ላይ አልተጻፈም። ክሩን ከአፌ አወጣሁና «አክስቴ በይ» አልኳት። «እማ» አለች። እኔም አክስቴ በይ አልኩ። እንዲህ ስንባባል ሦስት ሳምንት ፈጀን። በመጨረሻ «አከቴ» ማለት ስትጀምር የምሰፋውን ሸሚዝ ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ አንቀጽ ስድስትም ተከበረ።

2ኛ፤ ስለ ባለሙያዋ። ለጉዲፈቻ ብቁ መሆኔን እንድትመረምር የላኳት ባለሙያ ሦስት ጊዜ ቤቴ መጥታለች። መስኮት ቆጠረች፣ ክፍሉን በገዛ ሜትሬ ለካች፣ ቁም ሣጥን ከፍታ አየች። እኔም እንደ እህት ቆጥሬ የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩላት። በሦስተኛው ጉብኝት ሚጢጢን አጠገቧ አስቀምጣ ወደ እኔ እያመለከተች «ይቺ ማን ናት?» ስትላት ልጅቷ «አክስቴ ናት» አለች። እናቷ የት እንዳለች ስትጠይቃት ደግሞ «ገና አልመጣችም፤ ትመጣለች አሉ» አለቻት። ያስተማርኳትን አንድም ሳታጎድል መለሰች። እኔማ ልጄ ጎበዝ ናት ብዬ ኮርቼ፣ ባለሙያዋን እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ሸኘኋት! በውሳኔው ላይ የተጻፈው ግን «ሕፃኗ አመልካቿን እንደ እናት አታያቸውም፤ እናቷን በመጠባበቅ ላይ ናት፤ በመካከላቸው የእናትና የልጅ ትስስር ባለመፈጠሩ አመልካቿ ብቁ ሆነው አልተገኙም» የሚል ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸው ነው። መመሪያውን ያወጣው ክፍል ምድር ቤት፣ ውሳኔውን የሰጠው ክፍል ሁለተኛ ፎቅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ደረጃው ብዙ ስለሆነ ተገናኝተው አያውቁም ብዬ እገምታለሁ።

3ኛ፤ ስለ መቀሶቼ። አራት ዓመት ሙሉ በየሦስት ወሩ እየመጡ «ቤትሽ ደስ ይላል» ሲሉኝ የኖሩት ሠራተኞችዎ፣ ማመልከቻ ባስገባሁ በወሩ መቀስና መርፌ ላሉበት ቤት ሕፃን እንደማይሰጥ ደርሰውበታል። መቀሶቼ የተሳሉት በዚያው ወር መሆን አለበት። ባል እንደሌለኝም በውሳኔው ተገልጧል፤ ይህን ግን ከእርስዎ ቀድሞ ታላቅ ወንድሜ ደርሶበት ነበር። ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት እኔ ስልሳ አንድ እንደሚሆነኝ አስልተው ስለ እርጅናዬ ስለተጨነቁልኝም ውለታ አለብኝ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሳላመለክት ዝም ብዬ ብቀመጥ ኖሮ ፋይሏን ከአቧራው የሚያነሳው ሰው አልነበረም፤ ዛሬም ነገም ከእኔ ጋር ትኖር ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት እኔ ነኝ።

4ኛ፤ ስለ አዲሶቹ ወላጆች። ባልና ሚስቱን አልጠላኋቸውም፤ ልጠላቸው ሞክሬ አቅቶኝ ነው። እሱ መንገድ ቀያሽ ነው፤ እሷ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሲመኙ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ለሁለተኛ ጊዜ ሊያዩዋት ሲመጡ ሚስትየዋ ብቻችንን ስንሆን እጄን ይዛ «ይቺን የመሰለች ልጅ እንዴት ፈላጊ ታጣለች? አንድም ሰው አላመለከተም አሉን እኮ» አለችኝ። ክቡርነትዎ፣ ብቁ አይደለሽም ሲሉኝ ችዬው ነበር፤ ጭራሹን የለሽም ሲሉኝ ግን አልቻልኩም። ያን ዕለት ደስታዋን ላለመንጠቅ ብዬ የሚጢጢን ካልሲዎች ማጠፍ ቀጠልኩ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ እንዲሉ፣ ውሸትዎን እንኳ በአደራ ጠበቅሁልዎ። ዛሬ ግን ደክሞኛል። ሴትዮዋ ይህን ካነበበች ይቅር ትበለኝ፤ ልጅ የሚወስድ ሰው ከማን እጅ እንደወሰደ ማወቅ አለበት።

ልመናዬ አጭር ናት። ከሰኞ በፊት ባለሙያዋን አንዴ ይላኩልኝና ሌላ ጥያቄ ትጠይቅልኝ። ሰማይ ሲያጓራ ወዴት እንደምትሮጥ ትጠይቃት፤ ሲያማት ማንን እንደምትጠራ ትጠይቃት። ይህም አይቻልም ከተባለ፣ ቅጽዎ ላይ ቦታ ያልነበራቸውን እነዚህን ነገሮች ከፋይሏ ጋር አያይዘው ለወላጆቿ ያስረክቡልኝ። ፔኒሲሊን አይስማማትም። ፀጉሯ ሲታጠብ ውሃው ከኋላ ከመጣባት ትደነግጣለች፤ ከፊት በኩል፣ እየተነገራት ይሁን። ስትዋሽ ትስቃለች። «አልራበኝም» ካለች ተቀይማለች ማለት ነው፤ ምግቡን አጠገቧ አስቀምጦ ዞር ማለት ነው መድኃኒቱ። እንቅልፍ ሲመጣባት የሰው ጆሮ ካልያዘች አይወስዳትም፤ ግራውን ነው የምትወደው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእጇ ፈልጋ የምታጣው የእኔን ነውና፣ ብታለቅስ አመለኛ ናት ብለው እንዳይቆጧት።

ለጽሕፈት ቤትዎ ሥራ መቃናት፣ ለወገብዎም ፍጹም ጤንነት እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

በአንቀጽ ስድስት መሠረት አክስት የሆንኩት፣
ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ብቁ አለመሆኔን የሚገልጸው ደብዳቤ በደረሰኝ በአራተኛው ቀን ከጽሕፈት ቤትዎ ሌላ ደብዳቤ ደርሶኛል። «ካለዎት የረጅም ጊዜ ልምድና ከተመሰከረለት ታማኝነትዎ አንጻር» አንድ የሰባት ወር ሕፃን ለጊዜው በአደራ እንድቀበል ይጠይቃል። በሁለቱም ደብዳቤዎች ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው። ሕፃኑ ምን አጠፋ፤ ያምጡልኝ፣ እቀበለዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፦ እሱንም ለማሳደግ ብቁ አለመሆኔን ከአሁኑ ጽፈውና ማኅተም መትተው አብረው ይላኩልኝ፤ ዳግመኛ አራት ዓመት ሙሉ ተስፋ እንዳላደርግ።