ለሃንዳ ስለላክሽላት ቦቲ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለዱላም፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ የሱፍ ፋብሪካ ብናኝ ደረትሽን ለቀቀው ወይስ ዛሬም ያስልሻል? የከተማው ሙቀትስ እንዴት ይዟችኋል? ልጅሽ ቱያስ እንዴት ናት? ባለፈው መስከረም ይዘሻት መጥተሽ ያ ትኩሳት ከጣላት ወዲህ፣ ተመልሶባት ይሆን እያልኩ ሳስብ ነው የከረምኩት። እኛ ጋ ሣሩ እስከ ፈረስ ጉልበት ደርሷል፣ ከብቱ ጠግቧል፣ የባዝሮቹ ወተት ዘንድሮ ዕቃ አልበቃው ብሏል። አባባ በጤናቸው ብርቱ ናቸው፤ የዓይናቸው ሞራ ግን ወፍሮ አሁን ሰው የሚለዩት በድምፅ ብቻ ነው። እኔም እህትሽ ያንጅማ በአካሌ ደህና ነኝ። በሌላው ደህና አይደለሁም፤ የምጽፍልሽም እሱን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በየካቲት ከላክሽልኝ ደብዳቤ ነው። ቱያ በታመመች ጊዜ ሃንዳ ሦስት ቀን ከጎኗ ሳትነሳ ስላስታመመቻት ውለታዋን ልመልስ ብለሽ፣ ጎበዝ ጫማ ሰፊ ስላገኘሽ የፈረስ ቦቲ ልታሰፊላት ማሰብሽን ጻፍሽልኝ። ሳታስበው እንድትደሰት እግሯን በድብቅ ለክቼ እንድልክልሽ አዘዝሽኝ። ሰፊው የጠየቀውንም ሁሉ አንድ በአንድ ጻፍሽ፤ ታኮው ስንት ጣት ይሁን፣ ሶሉ ልሙጥ ቆዳ ይሁን ወይስ ጥርስ ያለው ጎማ፣ ገምባሌው ጉልበት ይድረስ ወይስ ከባት ይለፍና ይቁም። ደብዳቤውን ገልብጬ ገልብጬ አነበብኩት። የእኔን እግር ልክ የሚጠይቅ መስመር አልነበረበትም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ዓይኔ ደም ለበሰ። ቱያ ስትታመም በዚያ ዝናብ ሐኪሙን ልጠራ ግማሽ ቀን የጋለብኩት እኔ ነኝ። ወንዙ ሞልቶ እስከ ኮርቻዬ እየረጠብኩ ነው የተሻገርኩት። ግን ሐኪም የሚጠራ ሰው አይታይም፤ የሚታየው ግንባር ላይ እርጥብ ጨርቅ የሚያደርገው ነው። ስመለስ አንቺ ሃንዳን አቅፈሽ ታለቅሺ ነበር። እኔን ያልሽኝ "ልብስሽን ቀይሪ፣ ይበርድሻል" ብቻ ነው።

ምራታችን ሃንዳ ይህ ቤት ከገባች አራት ዓመቷ ነው። እሷ ስትስቅ ድንኳኑ በሙሉ ይስቃል፤ እኔ የሳቅሁ እንደሆነ ሰው ዞር ብሎ ምን ሆነች ይላል። አባባ ሻይ ሲጠጡ ጨው ሲያንሰው እንኳ የሚጣሩት እሷን ነው። ይሁን፣ የወንድሜ ሚስት ናት፣ ሙሽራ ናት ብዬ ቻልኩት። ያልቻልኩት ፈረሱን ነው። በየዓመቱ ባዝሮቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚታለቡበት ቀን መንጋውን ከኮረብታው አውርዶ ውርንጭሎቹን መሬት ላይ በተዘረጋው ገመድ የሚያሳስረው ፈረሰኛ ማን እንደነበር አንቺም ታውቂያለሽ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ነበርኩ። አምና አባባ "ያንጅማ ትረፍ፣ ከእንግዲህ ሃንዳ ትንዳ" አሉ። ደከመኝ ያልኩት መቼ ነው? ለማን ነው ያልኩት? ወንድማችን ናምጂልም ሚስቱ ናትና ጥርሱን ብልጭ አደረገ።

እግሯን የለካሁት እንግዲህ በዚህ ልብ ነው። ኩበት ስትለቅም ውላ፣ ካልሲዋን ሊደርቅ ምድጃው አጠገብ ዘርግታ ጋደም ባለችበት፣ ባዶ እግሯን ከተረከዟ እስከ አውራ ጣቷ ጫፍ በክር ለካሁና ክሩን እዚያው ላይ ቆረጥኩት። ዱላም፣ አንቺ ከተማ ከገባሽ አሥራ ስድስት ዓመትሽ ነው፤ ረስተሽው ይሆናል። እኛ ቤት ቦቲ በባዶ እግር አይለካም። ወፍራሙ የበግ ጠጉር ካልሲ ተጠልቆ፣ በዚያም ላይ የአውራ ጣት ስፋት ተጨምሮ ነው። ይህ ለብርዱ ብቻ አይደለም። ልጆች ሳለን አባባ ኮርቻ ላይ አስቀምጠውን እግራችሁን አራግፉ ይሉን ነበር፤ ጫማው ሊወልቅ ካልዳዳው ያወርዱናል። "ስትወድቁ ጫማው እርካቡ ላይ ይቅር፣ እግራችሁ ግን ከናንተ ጋር ይምጣ" ይሉ ነበር። ቁርጭምጭሚት ላይ ጠንከር፣ ከላይ ሰፋ ያለ፣ እግር በእርካቡ ሾልኮ እንዳያልፍ የሚያግድ ታኮ ያለው፣ ከሥሩ ደግሞ ልሙጥ፤ የፈረስ ጫማ ይኸው ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ላንቺ የጻፍኩት ግን "ክሩ የእግሯ ልክ ነው፣ ሌላውን ሰፊው ያውቃል" የሚል አንድ መስመር ነው። ስለ ሶሉ ልጽፍልሽ ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ ለእሷ ምክር መለገስ እንደ ድንጋይ ከበደኝና ተውኩት።

ልጎዳት አስቤ አልነበረም፤ ይህን ብቻ እመኚኝ። የእኔ እግር ከእሷ ያንሳል። እኔ በካልሲ ላይ ስለካ፣ አውራ ጣቱም ሲጨመር፣ ከእሷ ባዶ እግር ጋር እኩል ይመጣል። ስለዚህ ቦቲው እምቢ ይላታል፣ ሁለት ቀን ታቅፋው ታዝናለች፣ በሦስተኛው ቀን "ያንጅማ፣ በይ አንቺ ውሰጂው" ትለኛለች ብዬ አሰላሁ። በሰው ወርቅ አይደምቁ ይባላል። እኔ ልደምቅበት ፈለግሁ።

ቦቲው በሰኔ መጨረሻ በፖስታ መኪና መጣ። ምን ዓይነት ቆዳ ነው የመረጥሽው! እንደ ዳማ ፈረስ ገላ ያበራል፣ ገምባሌው ዙሪያውን በአረንጓዴ ክር ተጠልፏል። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያየው መጣ። ሃንዳ ሁለቱንም ጫማ ግንባሯ ላይ አስነክታ ሳመቻቸው። ከዚያ ልታጠልቀው ስትል ተረከዟ ላይ ቆመባት። በልቤ "ይኸው" አልኩ። እሷ ግን ካልሲዋን አውልቃ ወረወረች፣ ውስጡ ዱቄት ነሰነሰች፣ ናምጂልን "ከኋላ ግፋኝ እንጂ፣ ምን ትገተራለህ!" ብላ እየሳቀች ገባችበት። "ትንሽ ያጠብቃል እንጂ ልክክ ብሏል። ቆዳ አይደል፣ ሲለመድ ይለቃል" አለች። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ሆነች፤ ገደሉን የማውቀው እኔ አጠገቧ ቆሜ። የማኅበራችን ሊቀ መንበር ሶድኖም "አንቺ ሃንዳ፣ ይሄን ተጫምተሽ ብቅ ካልሽማ ባዝሮቹ ራሳቸው ተሰልፈው ይታለቡልሻል" ብሎ ሰውን አሳቀ። ወደ እኔም ዞሮ "ላንቺስ ከከተማ ምን መጣልሽ?" አለኝ። "ሻሽ" አልኩት። ሻሹ ቆንጆ ነው፣ እስከ ዛሬ ሳላመሰግንሽ መቅረቴ ነውር ነው። ግን ሻሽ እርካብ አይረግጥም።

የመታለቢያው ቀን ደረሰ። አባባ በዚያ ቀን ፈረሰኛውን ጫማውን በዓይናቸው ሳያዩ አሰናብተው አያውቁም። ዘንድሮ ዓይን የላቸውምና ጠሩኝ። "ያንጅማ ልጄ፣ ያንቺ ዓይን የኔ ዓይን ነው። ጫማዋን አየሽላት?" አሉኝ። ሃንዳ ዳማው ላይ ወጥታለች፤ ሰፊው የመረጠው ያ ጥርሳም ጎማ የእርካቡን ጠርዝ ነክሶ ይዟል፤ ገምባሌው ባቷ ላይ እንደ ቆዳዋ ተጣብቋል። አየሁት። "አይቻለሁ አባባ፣ ደህና ነው" አልኩ። ያን ጊዜ የማስበው ሌላ ነበር፤ ይጥበባት፣ ተረከዟ ይላጥ፣ እያነከሰች ትግባ፣ ነገ ራሷ አውልቃ ትጥለዋለች እል ነበር።

መንጋውን ከኮረብታው ግማሽ ድረስ በደንብ አወረደችው። እዚያ ሲደርሱ ድንጉላው ድንገት ወደ ኋላ ዞረና ዳማው በርግጎ ወደ ጎን ዘለለ። ሃንዳ ወደቀች፤ ግራ እግሯ ግን አልወደቀም። እርካቡ ላይ ቀረ። ፈረሱ እየጎተታት ቁልቁል ወደ ወንዙ ነጎደ። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፣ ኮርቻ ያልተጫነበት ፈረስ ላይ ነበርኩ። ወንዙ ዳር ካለው ድንጋይ ሳትደርስ ልጓሙን ያዝኩት። ናምጂል ደርሶ ጫማውን ቢስብ ቢስብ እምቢ አለው፣ በመጨረሻ በቢላ ቀደደው። እሷ በዚያ ሁሉ ጭንቅ "ተው አትቅደደው፣ የዱላም ነው" እያለች ትለምነው ነበር።

ከዚያ የሆነውን ደግሞ ስሚ። ሰዉ ሁሉ እኔን ከበበኝ። አባባ ሰማያዊውን የክብር ሐር በሁለት እጃቸው ዘርግተው አንገቴ ላይ አደረጉልኝ፤ እሳቸው ያንን ለማንም እንደማይሰጡ ታውቂያለሽ። ሶድኖም ስሜን በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ አስጻፈው። ናምጂል "እህቴ፣ ሚስቴን ከሞት አፍ መለስሽልኝ" ብሎ እግሬ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብቄው የቀረ ምስጋና በአንድ ቀን መጣ። እኔም ተቀበልኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ አይሆንም፤ እኔ የቆጡንም አወረድኩ፣ የብብቴም አልወደቀም፣ እንደዚያም ሆኖ አንጀቴ አረረ።

እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ የቁርጭምጭሚቷም ጅማት ተበጥሷል። ሐኪሙ "መራመዱን በምርኩዝ ትራመጃለሽ፣ ፈረሱን ግን እርሺው" ብሎ ፊት ለፊት ነገራት። አላለቀሰችም። ናምጂል መንጋውን ማን ይይዝልኛል ብሎ ተመለሰ፣ እዚህ ሐኪም ቤት አስታማሚ ሆኜ የቀረሁት እኔ ነኝ። ዛሬ አሥረኛ ቀኔ ነው። ትላንት "ለዱላም ጻፊላት" አለችኝ። "ቦቲው በልኬ ነው፣ በመታለቢያው በዓል ላይ ያላየኝ የለም በያት። እግሬን እንዳታነሺባት። እኔ ነኝ የገዛሁት ብላ ዕድሜ ልኳን ስታዝን ትኖራለች" አለችኝ። ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ? አሁንም ቅናት። እግሯ ተሰብሮ ተኝታ እንኳ ትበልጠኛለች። እንዲህ ያለ ልብ ለአንድ ሰው ብቻ ለምን ይታደላል እያልኩ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።

ብዕር ሳነሳ ግን የነገረችኝን መጻፍ አቃተኝና እስካሁን ያነበብሽውን ጻፍኩ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ጫማ ሰፊውንም እንዳትወቅሺው፤ በላክሁለት ክር ልክ ነው የሰፋው።

ሃንዳ ደብዳቤ ስጽፍላት ሁልጊዜ ከመታሸጉ በፊት አንብቢልኝ ትላለች። ዛሬም አለች። አነበብኩላት። ስለ ሳቋ የጻፍኩትን አልዘለልኩም፣ ስለ ክሩም አልዘለልኩም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "አባባ ስለ ጫማዬ ጠይቀውሽ ነበር?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ነገ አባባና ናምጂል ሊጠይቋት ይመጣሉ፤ ለእነሱም ይህንኑ በቃሌ እነግራቸዋለሁ፣ ሐሩንም ለአባባ እመልሳለሁ። ከዚያ በኋላ ይህ ቤት ምን እንደሚያደርገኝ አላውቅም።

ሰላምታው ይህን ሳያውቁ የሰጡኝ ነው፣ እንዳለ አደርስልሻለሁ። አባባ ጉልበትሽን በግልገል ቆዳ ጠቅልይው፣ በእርጥብ ወለል ላይም አትቁሚ ብለውሻል። ናምጂል ቱያን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፣ የእሷ ውርንጭላም አድጓል ብሏል። ልጃቸው ኖሚን ሦስት ዓመት ሞላኝ በያት ብላ ሦስት ጣቷን አሳይታኛለች። ሶድኖምና ባለቤቱ የበዛ ሰላምታ ያቀርቡልሻል። የሃንዳ ሰላምታ ሌላ ጊዜ ከሁሉም ቀድሞ ይጻፍ ነበር። አሁንም ምን ልበልልሽ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅኋት። አልመለሰችልኝም።

እህትሽ ያንጅማ
ከታሚር ወንዝ ማዶ፣ ከወረዳው ሐኪም ቤት
ሐምሌ 24 ቀን 1974