ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ቤት

ነሐሴ 20 ቀን
ከአዲሱ ቤት

ለምወድሽ ባለቤቴ፣

እህትሽ ዘንድ እንዴት ይዞሻል? ልጆቿስ እንደ ልማዳቸው እንቅልፍ ከለከሉሽ? እኔ ደህና ነኝ። የስፌት መኪናዬም ደህና ናት፤ አዲሱን ቤት ከኔ ቀድማ ለምዳዋለች።

አዎ፣ ቤት ተገኘ። ስትሄጂ በር ላይ ቆመሽ፣ "ጓዝ መጠቅለል ሰልችቶኛል፤ ኪራይ ጨምሩ የማይሉን ቤት ስታገኝ ጥራኝ" ያልሽኝን በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አላፈሰስኩትም። ትምህርት ቤትሽ ሳይከፈት ልድረስ ብዬ፣ ከሰዓት ከሰዓት ሱቄን እየዘጋሁ ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሞከርኩት በደላላ ነው። "ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው" ብሎ ይዞኝ ሄደ። ሄድን፣ ሄድን፣ ላብ አጠመቀኝ። "አጠገብ አላልክም እንዴ?" ስለው፣ "ጋሼ፣ ለሚሮጥ ሰው አጠገብ ነው" አለኝ። ሌላው ቤት እውነትም ጣቢያው ሥር ነበር፤ አከራይዋ ግን "ኪራዩን በየስድስት ወሩ እናየዋለን" አሉ። "እናየዋለን" ምን ማለት እንደሆነ አንቺና እኔ እናውቃለን። ከስንት ቤት ያስወጣን እሱ ቃል አይደል?

ከዚያ ወዲያ ደላላውን ትቼ፣ ወደ ትምህርት ቤትሽ በሚወስደው ባቡር እየተሳፈርኩ በየጣቢያው መውረድ ጀመርኩ። ባለሱቁን፣ ጥበቃውን፣ ልብስ የምታሰጣውን ሴት ሳይቀር እጠይቃለሁ። አንድ ቀን አንዱ ጣቢያ ሥር ያለ ፀጉር አስተካካይ፣ "ከጣቢያው ፊት ለፊት ያሉት ሽማግሌ ፎቁን ያከራያሉ። ባቡር ነጂ ነበሩ። ግን ሰው ይመርጣሉ" አለኝ።

ሽማግሌው ከነባለቤታቸው ምድር ቤት ነው የሚኖሩት። ፎቁን አሳዩኝ፤ ሁለት ክፍል ነው። ወጥ ቤቱ ጠበብ ይላል፣ ኋላ ዋሸኸኝ እንዳትዪኝ። ውሃው ግን አይቋረጥም፤ የጠዋት ፀሐይ እስከ አልጋው ድረስ ትገባለች። ስለ ኪራዩ ስጠይቃቸው፣ "አምስት ዓመት አልጨምርብህም፤ አንተም አምስት ዓመት አትውጣብኝ። ውል እንፈራረም" አሉ። ጆሮዬን አላመንኩትም።

ገና እየተነጋገርን አንድ ባለመኪና መጣና እኔ ከምከፍለው በላይ፣ ያውም በቅድሚያ፣ እሰጣለሁ አለ። ቤቱ አመለጠኝ አልኩ። ሽማግሌው፣ "እስከ መቼ ትቀመጣለህ?" አሉት።

"እስከ መጋቢት ቢሆን ነው።"

"እንግዲያው ሌላ ቦታ ይቅናህ" ብለው ሸኙት።

ምክንያቱን የነገሩኝ ከተፈራረምን በኋላ ነው። የባለቤታቸው የዓይን ብርሃን ከጠፋ ቆይቷል። ደረጃው ላይ የሚያልፈውን ሁሉ የሚለዩት በኮቴው ነው፤ የማያውቁት ኮቴ ሲሰሙ ደንግጠው በር ይቆልፋሉ። "ተከራይ በተለዋወጠ ቁጥር እሷ እንቅልፍ ታጣለች። የሷን ሰላም የሚያህል ኪራይ የለም" አሉኝ።

እኔን አሁን ለምደውኛል። ትናንት ከሥራ ስመለስ እትዬ በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። "ልብስ ሰፊው፣ ባለትዳር ነኝ ብለኸን አልነበር? የምሰማው የአንድ ሰው ኮቴ ብቻ ነው" አሉኝ።

"እህቷ ጋ ሄዳ ነው፣ እትዬ።"

"አረማመዷ እንዴት ነው? አስቀድሜ ልወቀው፤ ስትመጣ እንዳልደነግጥ።"

ፈጠን ፈጠን እንደምትዪ፣ የተማሪ ደብተር ተሸክመሽ ስትመጪ ግራ እግርሽን ጫን እንደምታደርጊ፣ ደረጃ መሐል ቆም ብለሽ እንደምትተነፍሺ ነገርኳቸው። ይህን ሁሉ ማወቄን እኔም የሰማሁት ያኔ ስናገር ነው።

አላጣድፍሽም። እህትሽ ትጥገብሽ። ከመናኸሪያው በባቡር ለሚመጣ ሰው መውረጃው ፀጉር ቤቱ ያለበት ጣቢያ ነው፤ ይህን የጻፍኩት እንዲያው መንገዱን እንድታውቂው ያህል ነው።

እህትሽን ሰላም በዪልኝ። ያስጠጋችሽ ቤቷ አይጉደል፤ አንቺንም በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ።

ባለቤትሽ

ይድረስሽ ብዬ የደጁን ሁለተኛ ቁልፍ ፖስታው ውስጥ አድርጌዋለሁ። እኔ ጋ ቢቀመጥ ይጠፋል።