አዲሷን የማሰናብትበት ምክንያት

ከእኔ በኋላ ተወልደሽ በትምህርት ቀድመሽኝ ለሄድሽው፣ ለምሳሳልሽ ታናሽ እህቴ ይድረስ።

እንደምን ከርመሻል? ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ ያ አላስተኛ ያለሽ የወገብ ሕመምሽ እንዴት ሆኑልሽ? እኔ ተመስገን ነው፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ።

ያለፈው ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ መልሱ የዘገየው ተናድጄብሽ ነው። እኔ የጠየቅሁሽ አጭር ነገር ነበር፤ አንዲት ሠራተኛ እንዴት እንደምትሰናበት። የትልቅ ድርጅት የሰው ሀብት ኃላፊ ስለሆንሽ በሁለት መስመር ትነግሪኛለሽ ብዬ ነበር። አንቺ ጭራሽ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ቆለልሽብኝ። ጥፋቷ ምንድን ነው? በጽሑፍ አስጠንቅቀሻታል? መልስ እንድትሰጥ ዕድል ሰጥተሻታል? ያለ በቂ ምክንያት ሠራተኛ ያባረረ አሠሪ ፍርድ ቤት ሲቆም የሚናገረው ያጣል፣ ስለዚህ ምክንያትሽን ጻፊ አልሽኝ። እኔ የሚጻፍ ምክንያት ቢኖረኝ መቼ አንቺን አስቸግር ነበር?

እስቲ ከሥሩ ላጫውትሽ። ስፌት ቤቴን ታውቂዋለሽ፤ የሾፌርና የዘበኛ ልብስ የምንሰፋበትን። ቆራጩንም አንድ ጊዜ አይተሽዋል፤ ያ ረጅሙ፣ ሜትር አንገቱ ላይ ጥሎ የሚዞረው፣ የስፌት ቤቱ ልጆች “ሚሊሜትር” የሚሉት። ባሌ ካረፈ ወዲህ ያ ቤት ቀጥ ብሎ የቆመው በእሱ መቀስ ነው። ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያውን ጨርቅ እንደቆረጠ አንዲት ናሙና ይዞ ጠረጴዛዬ ድረስ ይመጣል። እኔ በአውራ ጣቴ ዳሰስ፣ ወደ መስኮቱ ቀና አድርጌ አየት አደርግና “ይሁን” እለዋለሁ። ይሁን ካላልኩ መቀሱን አያነሳም። በዚያች ናሙና ሰበብ ስለ ዝናቡም፣ ስለ ቤት ኪራዩም፣ ስላየው ሕልምም ያወራኛል። ሻዬ ሁልጊዜ ይቀዘቅዝ ነበር።

አዲሷ ደግሞ ከገባች ዓመት አልፏታል፤ እኔ ግን እስከዛሬ አዲሷ ነው የምላት። እጇ ፈጣን ነው፣ አልዋሽም። ጥርሷ ግን ከእጇ ይፈጥናል። ምን እንደሚያስቃት እንጃ። ፀጉሯማ... ተይው፣ ስለ ፀጉሯ አልጽፍም። ደግሞ ቀናሽ እንዳትዪኝ! በእኔ ዕድሜ፣ በገዛ ቤቴ፣ ደመወዝ በምከፍላት ልጅ ምን ያስቀናኛል?

እንዳልሽኝ በጽሑፍ አስጠነቀቅኋት። “በሥራ ሰዓት ያለ አግባብ በመሳቅ” ብዬ ጻፍኩ። ከዚህ የተሻለ ጥፋት ፈልጌ አጣሁ፤ አታረፍድ፣ አትቀር፣ ስፌቷ አይተረተር። ጠርቼ አነበብኩላት። ሰምታ ስትጨርስ “እትዬ፣ ስንስቅ እኮ ሁለት ነን፤ የእሱ ማስጠንቀቂያ የታለ?” አለችኝ። ድፍረቷን አየሽልኝ? መልስሽን ጻፊ ብላት “ሳቄን እቀንሳለሁ” ብላ ጻፈችና ፈረመች። ወጥታ ማሽኗ ላይ ከመቀመጧ ልጆቹ ሁሉ በአንድ አፍ በሳቅ ፈነዱ። ቆራጩንም ጨርቁ ላይ ተደፍቶ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

እንዴት እንደተቀራረቡ ልንገርሽ፤ እዚህ ላይ እንዳትስቂ ብቻ። ሐኪሙ መነጽር እንዳዘዘልኝ ታውቂያለሽ። እቤት አደርገዋለሁ፤ ሥራ ቦታ ግን ከቦርሳዬ አላወጣውም ነበር። ስታደርጊው ቁርጥ አያታችንን ትመስያለሽ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? አንድ ቀን ጠዋት ናሙናውን ይዞ መጣ። ዳሰስኩ፣ አየሁ፣ ይሁን አልኩ። ለካ ጥቁሩ ጨርቅ መሐል ጠቆር ያለ ሰማያዊ ጥቅል ገብቶ ኖሯል። አንድ እግሩ ጥቁር፣ አንድ እግሩ ሰማያዊ የሆነ ሱሪ ተሰፍቶ ተቆለለ! እሱ ቀስ ብሎ “እትዬ፣ ዓይንዎን ያምዎታል እንዴ?” አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መነጽሩ እኮ እዚያው እግሬ ሥር፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እሱን አውጥቼ በፊቱ ከማደርግ “ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ናሙናውን ለአዲሷ አሳያት፣ የልጅ ዓይን አላት” አልኩት። በገዛ አፌ! ብርሃን እንድታገኝ ብዬ ማሽኗን ከእሱ ጠረጴዛ አጠገብ ያዛወርኩትም እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ናሙናዋ ጠዋት ጠዋት በቢሮዬ በር ፊት ለፊት ታልፋለች። እኔም ሻዬን በትኩሱ እጠጣለሁ።

ማስጠንቀቂያው አልሠራ ሲለኝ ያን ደንብ አወጣሁ፤ ሠራተኞች ከሥራ ውጪ መቀራረብ አይችሉም፣ ተቀራርበው ከተገኙ ይሰናበታሉ የሚለውን። ደውዬ ሳማክርሽ በሰው የግል ኑሮ ውስጥ አይገባም፣ ሕጉም አይደግፍሽም ብለሽ ተቆጣሽ። ከዚያ ድምፅሽን ዝቅ አደረግሽና “ለመሆኑ ደንቡ ባለቤቲቱንም ይጨምራል?” አልሽኝ። ያን ጊዜ ስልኩ የተቋረጠው ኔትወርክ ጠፍቶ እንዳይመስልሽ።

እልህ ይዞኝ በማግስቱ ደንቡን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ቆራጩ ቆሞ አነበበው። ልጆቹ ሲወጡ ጠብቆ መጣና “እትዬ፣ በደንቡ ከሁለት አንዳችን መውጣት ካለብን የምወጣው እኔ ነኝ። እሷ የታመመች እናት አለቻት፤ ሥራዋን አይንኩባት” አለኝ። የመልቀቂያ ማመልከቻውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ሕጉ የሚያዘው የማስጠንቀቂያ ጊዜ እስኪያልቅ አልለይዎትም፣ የሚተካኝንም ሰው አሠለጥንልዎታለሁ አለ። አየሽልኝ? እሷ ትውጣ ብዬ በከፈትኩት በር እሱ ሊወጣ!

ተነስቼ ወረቀቱን ከግድግዳው ገነጠልኩት። ማመልከቻውንም መለስኩለት። ደንብ የለም፣ ሂድ ሥራህን ሥራ አልኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። “እርስዎ እኮ ለእኔ እንደ ታላቅ እህቴ ነዎት። እኔ ዘመድ የለኝም፤ ስናገባ በእኔ ወገን ይቁሙልኝ” አለኝ። እህት! እኔን እኮ እህትነቱ ካንቺ ጋር ይበቃኝ ነበር።

ለአዲሷም ማስጠንቀቂያው መነሳቱን ጽፌ ሰጠኋት፤ እንደሱ አይደል የሚደረገው? አነበበችና “እንግዲህ መሳቅ ይቻላል ማለት ነው?” አለችኝ። እንደፈለግሽ አልኳት። አልሳቀችም፤ ጥምጥም ብላ አቀፈችኝ። ፀጉሯ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

የሠርግ ቀሚሷን የሚቆርጠው ራሱ ነው። ዛሬ ጠዋት ነጩን ጨርቅ ዘርግቶ አንድ ጊዜ ቆረጠና ናሙናውን ይዞ፣ በአዲሷ ማሽን አጠገብ አልፎ፣ ወደ እኔ መጣ። ይሄን እርስዎ ካላዩት መቀስ አላነሳም አለኝ። ቦርሳዬን ከፈትኩ። መነጽሬን አውጥቼ በፊቱ አደረግሁት። ናሙናውን ወደ መስኮቱ ቀና አድርጌ አገላብጬ አየሁት፤ እንከን ባገኝበት ብዬም ፈለግሁ። ምንም የለውም። ይሁን አልኩት። መነጽሩ ያምርብዎታል ብሎኝ ሄደ።

አሁንም አድርጌው ነው የምጽፍልሽ።

እህት ዓለም፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። የላክሽልኝን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ አንብቤዋለሁ። ለሚያገባ ሠራተኛ ከነደመወዙ ፈቃድ አለው፤ ለሁለቱም ፈርሜላቸዋለሁ። ሰው ለሞተበትም ፈቃድ አለው። ለአሠሪ የሚሆን ግን ብፈልግ አጣሁ። እነሱ ከሠርጋቸው ሲመለሱ ስፌት ቤቱን ለእነሱ ትቼ ጥቂት ቀን አንቺ ዘንድ ልክረም ብዬ ነበር። እንዲህ ላለው የሚሰጥ ፈቃድ ካለ ምን እንደሚባል ጻፊልኝ። ምክንያቱን ግን፣ በሞቴ፣ በጽሑፍ አቅርቢ እንዳትዪኝ።

ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ ወገብሽንም ይማርልሽ። ቤትሽ ሳቅ አይጣ።

የአንቺ፣ አሁን ደግሞ የሌላም ሰው፣ ታላቅ እህት