እንቅልፌን ጸሎት አሉት

ዓይኔ ልጄ፣ ያሳደገህ አምላክ በሄድክበት ሁሉ ይከተልህ፤ የሰው አገር ፊት አይንሳህ።

እኛ ደህና ነን። አባትህ ጉልበቱን ይዞ ያቃስታል፤ እሱም ላሟም የሚጠብቁት እኔኑ ነው። ይህ ጓዳ አርባ ዓመት ስጠርገው አንድ ቀን እንኳ በቃሽ አላለኝም።

ባለፈው እሁድ ቤተክርስቲያን ተንበርክኬ እንደተደፋሁ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ስነቃ ሰው ሁሉ ወጥቷል፤ ቄሱ ብቻ ራቅ ብለው ቆመዋል። «እናቴ፣ እንዲህ ያለ ጸሎት አይቼ አላውቅም» አሉኝ። ምን ልበል? መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ይኸው ከዚያ ወዲህ መንደሩ ሁሉ ደጄን ይጠናል። ባለወፍጮዋ ስለ ባሏ፣ ጎረቤታችን ስለ ልጇ «በጸሎትዎ ያስቡኝ» ይሉኛል። ላንተ ብቻ ነው የነገርኩህ፤ አደራ፣ አባትህ እንኳ እንዳይሰማ።

እምቢ ማለት አፍሬ እንበረከካለሁ። ግን ሁልጊዜ የምጀምረው ባንተ ነው። ብርዱን፣ ሳልህን፣ ብቻህን መብላትህን እያነሳሁ፣ አንተን ሳልጨርስ እንቅልፍ ይጥለኛል። የሌላው ስም ሳይነሳ ይቀራል።

እንግዲህ ልጄ፣ መንገድህን ያቅናልህና እስቲ ብቅ በል፤ ለሰዉም ተራ ይድረሰው።

እናትህ